እንዳትነግሯት

አክስቴ ማክሰኞ ዕለት ደብረ ማርቆስ ሞተች። እናቴ ደግሞ እሁድ ጠዋት እንድትሰማ ተወሰነ። ማክሰኞን የመረጠው እግዜር ነው። እሁድን የመረጡት ግን የእናቴ የአጎት ልጅ፣ ሚስቱና ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ምክንያቱ ሺፍት ነው። አንዱ ፓርኪንግ ይሠራል፣ አንዱ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፣ አንዱ ኦፍ ሲጠይቅ አለቃው ፊቱን ያጠቁርበታል። እዚህ አገር ሰው የሚያለቅሰው ኦፍ በሆነበት ቀን ነው።

የእናቴን የአጎት ልጅ አጎቴ ነው የምለው። ወሬውን መኪና እየነዳ ኮል አድርጎ ነገረኝ። የሞተችው የእናቴ ታላቅ እህት ብቻ አይደለችም፤ እናታቸው ስትሞት እናቴን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። በዚያው ስልክ ሁለተኛውን ነገር ሰማሁ። ለካ አክስቴ ታማ ከርማለች፣ ካንሰር ነው። እናቴ ሰው አገር ሆና እንዳትጨነቅ ተብሎ በሽታው ተደበቀ። እኔ አፌን እንዳልከፍት ከኔም ተደበቀ። በሽታውን ደብቀው ሞቱን ሲደብቁ መቼም ልምድ ነው፣ አይቸግራቸውም።

ወጉን አልሳደብም። መርዶ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ በጠዋት በሩ ይንኳኳል፣ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል፣ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ከጎኗ ይቆማል። ይሄ ደግ ነገር ነው። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ያሳደገቻትን የእህቷን ሞት ከሰው አፍ ትስማ፣ ከስልክ እንዳትሰማ። አጎቴም እሱን ነው ያዘዘኝ። "አንተ የስልክ ነገር ታውቃለህ፣ እስከ እሁድ ጠብቃት" አለኝ። ይሄው ሰውዬ ኮሌጅ አቋርጦ ጌም ላይ ተጥዶ የሚውል ከብት እያለ ለዘመድ ሁሉ ሲያወራኝ የኖረ ነው። ችግር ሲመጣ ኤክስፐርት ሆንኩ።

እናቴ እዚህ ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ከሰዓት ስትመለስ ወገቧን ይዛ ሶፋው ላይ ትዘረጋለች፣ ከዚያ ስልክ ነው። አፕዴት ልሥራልሽ ብዬ ተቀበልኳትና ሥራ ጀመርኩ። የቤተሰቡን ግሩፕ ድምፁን አጠፋሁት። ዘመድ የተባለ ሁሉ አንድ ባንድ ብሎክ ገባ። ጊዜ አልነበረኝም፣ ሁሉም ፖስት ለማድረግ እየተሽቀዳደመ ነበር። ዳላስ ያለች የአክስቴ ባል የእህት ልጅ፣ በሕይወቷ አክስቴን አይታት የማታውቅ፣ የአክስቴን ፎቶ ከሻማና ከነጭ ርግብ ጋር ለጥፋ ልቤ ተሰበረ ትላለች። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ፎቶው ወጣ። እኔ የምጫወተው ጌም ላይ ሰው ሲሞት ስሙ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለሁሉም ተጫዋች ይታያል። እኛም እንደዚያ ሆነናል። ጌሙ ላይ ግን የሞተው ትንሽ ቆይቶ ይነሳል።

ከደብረ ማርቆስ ስልክ አለመምጣቱ አላስጠረጠራትም። ኔትወርኩ ሲጠፋ ሲመጣ የከረመ ነው፣ ለምዳዋለች። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ በሩን ዘግቻለሁ ብዬ ነበር። ዘመድን ዘጋሁ። የማያውቃትን ሰው መዝጋት እንዳለብኝ ማን ያስባል?

ረቡዕ እራት ላይ ነን። እናቴ ስልኳን የውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፋ ላይቭ እያየች ነው የምትበላው። ድሮ ሰው ሬድዮ እንደሚሰማው ነው እሷ ላይቭ የምትሰማው፤ የተባለውን ሁሉ ታምናለች፣ የተባለውን ሁሉ ለጎረቤት ታወራለች። ድንገት መብላቷን አቆመችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"አንድ ምስኪን አለች" አለችኝ። "እዚሁ አሌክሳንድሪያ። እህቷ ሞታ አልሰማችም።"

ማናት አልኳት። ስሟን አልተናገሩም አለችኝ፤ ሆቴል ነው የምትሠራው፣ ያሳደገቻት እህቷ ናት፣ እሁድ ነው የሚነገራት። እናቴ በሆቴል የምትሠራ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ያለች ብቸኛ ሴት አይደለችም፤ የኛ ግቢ ግማሹ የሆቴል አንሶላ ነው የሚያነጥፈው። ቢሆንም ልትደርስበት ነው ብዬ ጨርሼ ነበር። እሷ ግን ወደ ሌላ ሄደች።

"በካንሰር ነው አሉ። ስትሰቃይ ከርማ ከእህቷ ደበቁት። ምን ዓይነት ጨካኝ ዘመድ ነው? ሄዳ አታስታምማትም ነበር? ውሃ አታቀምሳትም ነበር?" አለችና አማተበች። "የኔዋስ፣ ተመስገን፣ ጤነኛ ናት።"

ያዳናት ይሄ ነው፤ ካዳናት። በሽታውን ስላላወቀች ሞቱ የሷ መሆኑን አላወቀችም። አንዱ ውሸት ሌላውን ደግፎ ያዘው።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ላይቩን ከፈትኩት። ላይቩን የምታስተላልፈው ሴትዮ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጸጉር ትሠራለች። ጸጉሩ ሰበብ ነው። ሰው ሲጣላ፣ ሰው ሲፋታ፣ ሰው ሲሞት ስልኳን መስታወቱ ላይ ትተክልና ሹሩባ እየጎነጎነች የሰው ጉድ ትጎነጉናለች። ያን ቀን ድምፅዋን እንደ ሰባኪ አለስልሳ፣ አሌክሳንድሪያ ስላለች አንዲት እህት ከላይ እስከ ታች ከተረከች በኋላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እንዲህ ትላለች።

"ውዶቼ፣ አደራ። እስከ እሁድ ጠዋት እንዳትነግሯት።"

እንዳትነግሯት። ለማን ነው የምትለው? ለዓለም። ከስር ሰው ይጽፋል። አንዱ ከሪያድ ሆኖ አልነግራትም ይላል። አንዷ ከአትላንታ፣ እኔም አልነግራትም። አንዱ ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም፣ ማን እንደሆነች ንገሩኝና እንዳልነግራት ይላል። በመሀል እናቴ ከስሟ ጎን የምታደርገው የአበባ ፎቶ አለ። ላይቩ ላይ በስጦታ የሚላከውን ጽጌረዳ ልካ ከስሩ ጽፋለች፤ "አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።" እናቴ ለራሷ ቁጭ ብላ እግዚአብሔር ያጽናሽ ጽፋለች።

አጎቴን ኮል አደረግኩት። ሚስቱ ናት ለካ። ጸጉሯን ልትሠራ ሄዳ ነግራታለች። ስልኩን ተቀብላው እሷው አወራችኝ፣ እያለቀሰች። ለክፋት አይደለም አለችኝ፤ እሁድ ሰው እንዲበዛላት ነው፤ እዚህ አገር ማን ማንን ያውቃል፣ በባዶ ቤት መርዶ ይነገራል ወይ፣ ላይቭ ላይ ቢነገር ሰው ይመጣል ብዬ ነው። ለአጎቴ፣ አሁኑኑ እኔ እነግራታለሁ አልኩት። ሰውዬው ስልኩ ውስጥ ሆኖ ቀይ ሲሆን ታየኝ። መርዶ ነጋሪ ነህ አንተ፣ ብቻዋን ወድቃ ብትሰበር ማን ሊሸከማት ነው፣ ወጉን ልታጠፋው ነው፣ ቀኑን አስበንበታል አለኝ። አስበውበታል። ለዚህ ሁሉ ሽማግሌ አንድ አሳብ ነው የደረሰው፣ እሱንም ጸጉር ቤት ጣሉት።

ሐሙስ ጠዋት የላይቩን አፕ አጠፋሁባት። ከሰዓት ሥራ ቦታ ያለች የኤል ሳልቫዶር አገር ጓደኛዋ መልሳ ጫነችላት። ስትመለስ ፊቷ ላይ ወሬ አለ። አድራሻውን ኢንቦክስ አድርጌ ጠየቅኳቸው አለችኝ፣ ጸጉር ሠሪዋም ለጠየቀ ሁሉ እንደምትልከው ለሷም ልካላታለች። የበሩ ቁጥር እሁድ ጠዋት ይነገራል፤ ግቢው ግን ታወቀ።

"እኛው ግቢ ናት" አለችኝ። "አስበኸዋል? አብረን እያጠብን፣ አብረን እየወጣን።"

ከዚያ ሰው መፈለግ ጀመረች። እናቴ መርማሪ ሆነች። ከፊት ለፊታችን ሕንፃ የምትኖረው ናት አለች መጀመሪያ፤ ዛሬ ሎንድሪ ክፍል አግኝታት ሴትዮዋ ስትስቅ የእናቴ ልብ ተሰንጥቋል። ትስቃለች ምስኪን፣ አታውቅማ፣ እያለች ነገረችኝ። ያቺ ግን እህት እንደሌላት ሲታወቅ ሌላ ተፈለገ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ፣ ከአጎቴ ሚስት የሰሙት፣ ደግ መሆን ጀመሩ። ለዓመታት አሳንሰር ውስጥ ጣራ ሲያዩ የኖሩ ሴቶች ዘንቢሏን ይቀበሏታል፣ አንዷ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አቅፋ አልለቅ አለቻት። እናቴ ተገርማ መጣች። ሰው ዘንድሮ ደግ ሆኗል፣ የጾሙ በረከት ነው አለች። እኔ ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁና ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ።

አርብ ዴሊቨሪ ስሠራ ቆየሁና አንዱን ኦርደር ጥዬ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳሁ። ጸጉር ቤቱ ትንሽ ነው፣ አንድ ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ ግማሹ እንደ በግ ቆሞ ተቀምጣለች። ስልኩ መስታወቱ ላይ ነው፣ ዙሪያውን የቪዲዮ ክብ መብራት አለ፣ ግን ጠፍቷል። ሴትዮዋ ምን ልርዳህ ወንድሜ አለችኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳት። ወዲያው ፊቷን የሀዘን አደረገችው፣ እንደ መብራት ነው የምታበራውና የምታጠፋው። ጌታ ያጽናችሁ አለች።

"እንዳትነግሯት ያልሽላት ሴትዮ ላይቭሽ ውስጥ ተቀምጣ ጽጌረዳ ልካልሻለች" አልኳት።

ደነገጠች፣ አልክድም። ግን ስንት ቆየ ድንጋጤዋ? እጇ ወደ ስልኩ ሄደ። የትኛዋ ናት ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ላይቩ ላይ የምትጽፍበትን ስም ብነግራት ማታ ላይቭ ላይ እንደምታወጣው ስላወቅኩ አልነገርኳትም። ቪዲዮውን አጥፊ አልኳት፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ነገር አፍሽን አትክፈቺ አልኳት። አጠፋች፤ ዓይኔ እያየ አጠፋች። ሌላው ሰው ቆርጦ የለጠፈውን ግን እሷም አታጠፋው፣ እኔም አላጠፋው።

ከዚያ ማበጠሪያውን ደንበኛዋ ጸጉር ላይ ሰክታ ተከራከረችኝ።

"እኔን አትቆጣ። ላይቩ ባይኖር እሁድ ማን ይመጣላችኋል? አጎትህና ሁለት ሽማግሌ? እናትህ በአራት ሰው መሀል ትውደቅ?"

ትክክሏን ነበር፣ ያንን ነው ያልወደድኩላት። በራችንን ያንኳኳ ሰው ካለ ፒዛ ሊሰጥ ተሳስቶ ነው። እናቴ ለሌላ ሰው ለቅሶ ዲሲ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ድረስ ባቡር ቀይራ ስትሄድ ኖራለች፤ የሷ ቀን ሲደርስ ማን ይመጣላታል? ግን ሴትዮዋ ትክክል ከሆነችበት ላይ አልቆመችም። ወንበር ሳበችልኝ። ና ቁጭ በል፣ ሁለት ቃል ብቻ ተናገር፣ ልጇ ሲናገር ሰው ያለቅሳል፣ ሰው ካለቀሰ ይመጣል አለችኝ፤ ያቺን ክብ መብራት እያበራች።

"ጅብ እንኳ ሬሳውን ይበላል እንጂ ሼር አድርጉልኝ አይልም" ብያት ወጣሁ። ግማሽ የተሠራችው ደንበኛ ፎጣው ውስጥ ስትስቅ ሰምቻለሁ።

ማታውን እራት ላይ እናቴ ከኔ በፊት ሰምታዋለች። ሴትዮዋ ላይቭ ገብታ አልቅሳለች። ለደግነቴ ተሰደብኩ ብላለች፣ የዚያች ምስኪን ልጅ ቤቴ ድረስ መጥቶ አዋረደኝ ብላለች።

"ጅብ አላት አሉ" አለችኝ እናቴ። "እናቱ ሀዘን ሊደርስባት፣ እሱ ሰው ቤት እየዞረ ይሳደባል። እንዲህ ያለ ልጅ ከማሳደግ መሀን መሆን ይሻላል።"

አጎንብሼ መብላቴን ቀጠልኩ። አሁን ንገራት የሚል ነገር ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ያን ሰዓት ብነግራት መርዶው ከስድብ ተከትሎ ይመጣል፤ ለቅሶዋ የኔ ጥፋት ይመስላል። ደግሞ በቤቱ እሷና እኔ ብቻ ነን። አጎቴ ያለው ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ብትወድቅ ማን ይሸከማታል። እኔ ብቻዬን የምሸከማት መሰለኝ፤ መልሼ ደግሞ አልመሰለኝም፤ ተውኩት።

ቅዳሜ እናቴ ሺፍቷን ለጓደኛዋ ሰጥታ ወጥ ስትሠራ ዋለች። እዝን ነው። ሀዘንተኛ ቤት እሳት አይነድም፣ ጎረቤት ነው የሚያበላ፤ ይቺ ሴትዮ ደግሞ ጎረቤቴ ናት፣ ማን ሊሠራላት ነው አለች። ትልቁን ድስት አወጣች። ጨው እንድቀምስላት ማንኪያ ሰጠችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ትንሽ ቅመም ያንሰዋል፣ የሀዘን ወጥ መጣፈጥ የለበትም ግን አለችና ለራሷ አሰበች፣ ከዚያ ጨመረችበት። እንዳትራብ ነው የምሠራላት፣ ሳትወድ በግዷ እንድትበላ አለችኝ። ከሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ ሞከረች። ስልኩ አይሠራም። ኔትወርኩ ሲመጣ ለእህቴ የዚችን ምስኪን ነገር እነግራታለሁ አለች፤ ትመክረኛለች፣ እሷ ለቅሶ ላይ ምን እንደሚባል ታውቅበታለች።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ተነስታለች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳለች፣ ነጠላዋን ለሀዘን ዘቅዝቃለች፣ ጸጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ድስቱ በፎጣ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ስልኳን ይዛ የበሩን ቁጥር ትጠብቃለች። አልመጣም ቁጥሩ። አጎቴ ከታች ነን ብሎ ቴክስት አደረገልኝ። በመስኮት አየሁ። ላይቩ ሠርቷል። ፓርኪንግ ሎቱ ሞልቶ መኪና ሳሩ ላይ ወጥቷል፤ ከሜሪላንድ፣ ከዲሲ፣ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ፣ እኔ የማላውቀው፣ እናቴን የማያውቅ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ። ደረጃው በእግር ድምፅ ተሞላ።

በሩ ሲንኳኳ እኔ ልከፍት ስል ቀደመችኝ።

አጎቴ ከፊት ነው፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጎኑ፣ ሚስቱ አፏን ይዛ ከኋላ፣ ከዚያ ኮሪደሩ እስከ አሳንሰሩ ድረስ ሰው። ቄስ የሆነው ሽማግሌ መስቀሉን አውጥቶ ልጄ ብሎ ጀመረ። እናቴ ግን አላስጨረሰችውም። ፊቷ በራ። እውነቴን ነው፣ በራ።

"አባቴ፣ ደግ አደረጉ" አለቻቸው። "ቤቱን ፈልጌ አጥቼው ነበር። ይኸው ተዘጋጅቻለሁ፣ አብረን እንሂድ።" ጎንበስ ብላ ድስቱን አነሳች።

ማንም አልተነቃነቀም። ሽማግሌው የሚለውን ነገር በመኪና ሲለማመድ ነው የመጣው፤ ለዚህ ግን አልተለማመደም። አጎቴን አየው፣ አጎቴ መሬቱን አየ። እናቴ ድስቱን ይዛ አንድ እግሯ ከበሩ ውጭ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ምን ሆነ ምን ሆነ እያለ ይገፋል።

"እህቴ" አለ አጎቴ በመጨረሻ። "ቤቱ ይሄ ነው።"

ቀስ ብሎ ነው የገባት። መጀመሪያ የበራችንን ቁጥር አየችው፣ እንደማታውቀው። ቀጥላ አጎቴን፣ ሚስቱን፣ እኔን። ድስቱን ከእጇ ልቀበላት ስል አልለቀቀችውም። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። መቼ ብላ አልጠየቀችም። ምን አድርገው ይንገሯት? በምን እንደሞተች ታውቃለች፣ እንደከረመባት ታውቃለች፣ እንደተደበቀባት ታውቃለች፣ ከረቡዕ ጀምሮ ለኔ ስትተርክልኝ ነው የሰነበተችው። አዲስ የሆነባት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የማን እንደሆነ።

"ካንሰር ነበረባት" አለች፣ ለአጎቴ። ጥያቄ አልነበረም።

እሱ ማልቀስ ጀመረ። ሚስቱ ጮኸች። ሽማግሌው እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለት ጀመረ፤ እናቴ ቀና ብላ አየችው።

"እሱንማ ብያታለሁ" አለች። "እኔ እኮ አልቅሼላት ጨርሻለሁ።"

እንደቆመች ቀረች። አልወደቀችም፣ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ሊይዟት የተዘረጉት እጆች ባዶ አየር ላይ ተንጠልጥለው ቆዩ። ከአሳንሰሩ በኩል አንድ ስልክ ከሰው ራስ በላይ ወጣ፤ ሌላም ወጣ። ሰዉ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የመጣው ለቅሶ ሊያይ ነው፤ ስለዚህ ቆሞ ጠበቀ።